ያለ ሬሳ የተነፋ ጥሩምባ

ጋሽ ሀብተ ወልድን ያላወቀ ሰው «የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበር» ሲሉት ከንፈሩን መጠጥ ያደርጋል። ያድርግ፤ ከንፈሩ የራሱ ነው። እኔ ሐጀራ፣ ጭድ ተራ ጆንያና ገመድ እየሸጥኩ ልጆች ያሳደግኩ ሴት ነኝ፤ መርካቶ ደግሞ ሰው መመዘን ታስተምራለች። የዚያን ሰው ዓይነት ሁለተኛ አላየሁም። እኛ ሰፈር ዜና ማለት እሱ ነበር። ሬዲዮ ያለው ሬዲዮውን ይከፍታል፤ እውነቱን ማወቅ ሲፈልግ ግን ወደ ጋሽ ሀብተ ወልድ ይመጣል።

የእድሩ ሥራ እንዲህ ነው። ሰው ሲሞት፣ ሊነጋጋ ሲል ያቺን ጫፏ የተጎዳች የናስ ጥሩምባ ይዞ ይወጣል። ከጎጃም በረንዳ በኩል ጀምሮ በየመታጠፊያው ቆሞ ይነፋና የሟቹን ስም፣ ቤቱን፣ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። እድራችን ድብልቅ ነው፤ ስልጤው፣ ጉራጌው፣ ዶርዜው፣ አማራው በአንድ ድንኳን ሥር ነው የሚቀመጠው። የኛ የሙስሊሞቹ ቀብር ስለማያድር ለኛ ሲሆን እየሮጠ ነው የሚነፋው። ወጣት ሳለ ጦር ሠራዊት ውስጥ መለከት ነፊ ነበርና ሳንባው የጉድ ነው፤ እርጅና እግሩን እንጂ ትንፋሹን አልነካውም።

ታዲያ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ሬሳውን በዓይኑ ሳያይ አይነፋም። አንድ ጊዜ አንዱ እያለከለከ መጥቶ «አቶ ቃሊ አረፉ» አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ጥሩምባውን አንስቶ ይወጣል። እሱ ከዘራውን ይዞ አቶ ቃሊ ቤት ሄደ። አቶ ቃሊ ፍራሻቸው ላይ ቁጭ ብለው ሽሮው ቀዘቀዘ ብለው ሚስታቸውን ይቆጣሉ። ጋሽ ሀብተ ወልድ «እንደምን አደሩ» ብሎ፣ ቁርስ ቀምሶ ተመለሰ። ከንፈር መጣጩ ሰውዬ ይሄን ቢያይ ምን ይል ነበር? ስንቱ የተማረ ነኝ ባይ የሰማውን ሁሉ ሲለፈልፍ ይውላል።

አንዴ ብቻ ነው አይቶ ሳይነፋ የቀረው። በደርግ ጊዜ ነው፤ የልጅ ሬሳ መንገድ ላይ ይውል በነበረበት በዚያ ክፉ ዘመን። የጎረቤታችን የሙሉነሽ ልጅ ከሱቃችን ፊት ለፊት ካለው ግንብ ሥር ወድቆ አደረ። የዚያን ጊዜው ቀበሌ ለዚህ ጥሩምባ አይነፋም፣ ለቅሶም አይቀመጡም አለ። ጋሽ ሀብተ ወልድ ጥሩምባውን ካፖርቱ ውስጥ እንደያዘ ልጁን አልፎት ሄደ። ሙሉነሽ አንድም ቀን አልወቀሰችውም። በየጠዋቱ «እንዴት አደርክ» ትለዋለች። «ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» ብሎኛል አንድ ቀን፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ሁለተኛው እንጀራው ጋዜጣ ማከራየት ነው። ደርግ ወድቆ የግል ጋዜጣ እንደ አሸን ሲፈላ፣ ያንኑ ግንብ ተደግፎ አንዲት አግዳሚ ወንበር አኖረ። ሳንቲም ትሰጣለህ፣ ቁጭ ብለህ ታነባለህ፣ ሳታጨማድድ ትመልሳለህ። ኩሊው ከደላላው፣ ደላላው ከጅምላ ነጋዴው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ያነባል። ማንበብ ለማይችል ራሱ ያነብለታል፤ እንደ ለቅሶ መርዶ፣ ማን፣ የት፣ መቼ እያለ። «ምንጮቻችን እንደገለጹት» የሚል ሲያገኝ መነጽሩን ያወልቅና «ስሙ ያልታወቀ ሰው ለቅሶ አይደረስም» ብሎ ይዘለዋል። ጋዜጣ ጸሐፊዎቹም ያውቁታል። የእህቴ ልጅ ሱንዱስ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የመርካቶን ወሬ ትጽፍ ነበርና ጽሑፏ በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የምትመጣው እሱ ጋ ነው፤ ምን ይለኝ ይሆን ብላ ጥፍሯን እየበላች።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ። ዘጠና ስድስት ላይ ነው። መስመራችን፣ እኔ ያለሁበት የቆርቆሮ ሱቆች ረድፍ፣ ፈርሶ ለአንድ ባለሀብት ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ነፈሰ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ይስሐቅ ይባላል፤ ፊቱ ሁልጊዜ የተላጨ፣ አፉ ሁልጊዜ ልማት የሚል ጎልማሳ። ሄደን ጠየቅነው። አሉባልታ ነው፣ የፀረ ልማት ኃይሎች ወሬ ነው፣ ሥራችሁን ሥሩ አለን። እኛም አመንን፤ ወይም ማመን ፈለግን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ያደገ ነጋዴ ምን ያድርግ?

ሱንዱስ ግን አላመነችም። እሷም ሄዳ ብትጠይቀው «ሂደት ላይ ነው» ብሎ ሸኛት። ከቢሮው ስትወጣ ነው የስብሰባ አዳራሹን በር ጀርባ ያየችው። ማስታወቂያው የተለጠፈው እዚያ ነው፤ በሩ ሲከፈት የሚደበቅበት ቦታ። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስለ መስመሩ ስብሰባ አለ፤ ያልተገኘ ባለሱቅ መነሳቱን እንደተስማማ ይቆጠራል ይላል። ማኅተም አለው። ሱንዱስ በቀጥታ ወደ ግንቡ መጥታ ለጋሽ ሀብተ ወልድ ነገረችው። እሱ ምን አደረገ? እንደ ልማዱ ሬሳውን ሊያይ ሄደ። መታወቂያ ላሳድስ ነው ብሎ ገባ፣ የአዳራሹን በር ከውስጥ ገርበብ አደረገና ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ጸሐፊዋ ደርሳ ምን ያደርጋሉ ብትለው ብርድ ገባኝ አላት።

ሱንዱስ ጽፋ ሰጠች፤ ጋዜጣው የሚወጣው ሐሙስ ማለዳ ነው። እስከዚያው እኔም፣ እሷም፣ እሱም በየሱቁ እየዞርን ተናገርን። ሰው ግን ሰው ነው። አንዱ ጋዜጣ ላይ ሳላይ አላምንም ይላል፤ ሌላው ለቀበሌ ስብሰባ ብዬ በገበያ ሰዓት ሱቄን አልዘጋም ይላል። መርካቶ ውስጥ በሥራ ቀን ሱቅ የሚያዘጋ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእድር ለቅሶ ነው። ወልዳ የተኛችም፣ የታመመም፣ ኮንቴይነር የሚያራግፍም ቢሆን ጥሩምባ ከተነፋ ይዘጋል። ቅጣቱን ፈርቶ አይደለም፤ ነገ የኔን ማን ይቀብረኛል ብሎ ነው። አቶ ይስሐቅም ይሄን ያውቃል። ስብሰባውን በገበያ ሰዓት የጠራው ለዚሁ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጋዜጣው መጣ። ጋሽ ሀብተ ወልድ እሽጉን ፈትቶ አግዳሚው ላይ ዘርግቶ ሳይጨርስ ሁለት ደንብ አስከባሪዎች ከተፍ አሉ። በእግረኛ መንገድ ላይ ሕገወጥ ንግድ ነው ተባለ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሕጋዊ የነበረ አግዳሚ የዚያን ዕለት ሕገወጥ ሆነ! ጋዜጣውን ጠቀለሉ፤ አግዳሚውንም ተሸክመው ሄዱ። እሱ ግንቡን ተደግፎ ቆሞ ቀረ። ሱቄን ስከፍት አየሁት። በቃ ጋሼ፣ የሚቻለውን አድርገሃል፣ ግባ አልኩት። ወደ ቤቱ ሄደ። ሲመለስ ጥሩምባውን ይዟል።

«ማን ሞተ?» አልኩት።

«ገና ሊሞት ነው።»

ደነገጥኩ። ሬሳ ሳይኖር ጥሩምባ መንፋት ሟርት ነው፤ ሞት መጥራት ነው። በዚያ ላይ የእድራችን ደንብ ያለ ሬሳ የነፋ ጥሩምባውን ይነጠቃል ይላል። የእድሩን ድንኳንና ዕቃ የማስቀምጠው እኔ ነኝና ደንቡን በልቤ አውቀዋለሁ። ጋሼ፣ ያለ ሬሳ? ብዬ ክንዱን ያዝኩት።

«ሬሳውን አይቼዋለሁ ሐጀራ» አለኝ። «በሩ ጀርባ ተለጥፏል። አንዴ አይቼ አልፌያለሁ፤ ሁለተኛ አላልፍም።»

ለቀቅኩት።

ነፋ። ወላሂ እንደዚያ ነፍቶ አያውቅም። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የኛ መስመር ዛሬ ይቀበራል። ቀብሩ ቀበሌው አዳራሽ ነው፣ በሦስት ሰዓት። ያልመጣ እንደተስማማ ይቆጠራል» እያለ በየመታጠፊያው ዞረ።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል። የኛ ሰው ጥሩምባ ሲሰማ ቃሉን አይጠብቅም። መዝጊያው ይወርዳል፣ ነጠላው ይዘቀዘቃል፣ ማን እንደሞተ መንገድ ላይ ይጠየቃል። ድንኳን ተካዮቹ ተሯሩጠው እኔ ጋ መጡ፤ ለቅሶው የት ነው ሲሉ ቀበሌ ግቢ አልኳቸው። አልዋሸሁም። ቋሚውንም፣ ሸራውንም፣ አግዳሚውንም አውጥቼ አስያዝኳቸው። አቶ ይስሐቅ አዳራሽ ውስጥ ከራሱ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ስብሰባውን ሊከፍት ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ውጪ የሀዘን ድንኳን እየተተከለለት ነበር። የጓሮ መንገድ ሴቶች ደግሞ ድንኳኑን ቀበሌ ግቢ ሲያዩ የሞተው ሊቀመንበሩ ነው ብለው ደምድመው ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። አቶ ይስሐቅ ምንድን ነው ብሎ ሲወጣ የራሱን ሙሾ ሰማ። እትዬ ሠርኬ የምትባለው፣ መስመሩ ላይ ሱቅ ያላት ዋና አልቃሻችን ፊት ለፊቷ ቆሞ ስታየው እንባዋ ጉንጯ ላይ ቀጥ አለ።

«ታዲያ የሞተው ማነው?» አለች ተቀይማ።

ሱንዱስ ከጎኗ ነበረች። «ሱቅሽ» አለቻት።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው አለፈ፤ በሩ ተገርብቦ ማስታወቂያው ለሁሉም ተነበበ። አዳራሹ ሞላ፣ ደጁ ሞላ፣ ድንኳኑ ሞላ። አቶ ይስሐቅ ሕገወጥ ሰልፍ ነው፣ ተበተኑ ይል ጀመር። የእድራችን ዳኛ ሐጂ ጠሀ፣ በዕድሜም በንግድም የሁላችን አባት፣ ቀስ ብለው ተነሡ። ያልመጣ ተስማምቷል ካላችሁ የመጣው አልተስማማም ማለት ነው፤ እንግዲህ ሁላችንም መጥተናል፣ ይሄን ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፉልን አሉት። እስኪጻፍ ድረስ ከግቢው ንቅንቅ ያለ ሰው የለም። መስመራችን የዚያን ዕለት ተረፈ።

አቶ ይስሐቅ ግን የሚረሳ ሰው አይደለም። በሳምንቱ የእድሩን ሽማግሌዎች ጠራ። የእድሩ ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል የቀበሌ ቤት መሆኑን አስታወሳቸው። ከዚያ ፍላጎቱን ተናገረ፤ ሀብተ ወልድ በዚያው ጥሩምባ፣ በዚያው መንገድ ዞሮ፣ የሐሙሱ ወሬ ሐሰት ነበር፣ ቀበሌው ምንም አላሰበም ብሎ ማስተባበያ ይንፋ። ከነፋ አግዳሚውም ይመለስለታል፣ ጥሩምባውም አይነካበትም። ካልነፋ ጥሩምባውን ንጠቁት፤ ካልነጠቃችሁ ክፍሉን ልቀቁ።

እሁድ እድሩ ተሰበሰበ። የነገሩን ክብደት ሁሉም ያውቃል። ያቺ ጥሩምባ ለሽማግሌው ክብሩ ነች፤ ከሷ ውጪ ሰፈሩ ውስጥ ምን ነው? ሐጂ ጠሀ ለሱ ብለው እየተጨነቁ፣ አንዲት ቃል ነች፣ ማንም እንደማያምናት ሁሉም ያውቃል፣ ለእድሩ ስትል በላትና ይለፍ ብለው ለመኑት። ዞር ብዬ ሰውን አየሁ። ሱቁን ያተረፈለት ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ደሜ ፈላ። አንድ ሁለት ያልተገራ ቃል ወረወርኩ፤ እዚህ አልደግመውም። ሐጂ ጠሀ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

ጋሽ ሀብተ ወልድ ተነሣ። «እኔ ከአፌ የወጣው አፋፍ ሄዷል፤ አልመልሰውም» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሞተ ብዬ የነፋሁለት ሰው ተነሥቶ አያውቅም። ይሄ መስመራችን የመጀመሪያው ነው፤ ያስነሣችሁትም እናንተ ናችሁ። ተነሣ ብለህ ንፋ ካላችሁኝ አሁን ወጥቼ እነፋለሁ። አልሞተም ነበር ብዬ ግን አልነፋም።»



«ደንቡን ጥሻለሁ፤ ያለ ሬሳ ነፍቻለሁ» አለና ጥሩምባውን ከብብቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ለደንቡ ውሰዱት። ለአቶ ይስሐቅ ስትሉ ግን እንዳትወስዱት።»

ወጥቶ ሄደ። ጥሩምባውን ዕቃ ጠባቂዋ እኔ ነኝና እየተንገበገብኩ ወስጄ ክፍሉ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ተተኪ ጥሩምባ ነፊ ተፈለገ፤ የሚቀበል ጠፋ። ቀበሌው ደግሞ ከእንግዲህ ያለ ፈቃድ ጥሩምባ አይነፋም ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ሞታችንን በስልክና በጆሮ ለጆሮ መነጋገር ጀመርን፤ ስንቱ ዘመዱ ከተቀበረ በኋላ ሰማ።

ሰውዬው ቤቱ የሚቀመጥ መሰላችሁ? በማግስቱ እኔ ጋ መጥቶ አንድ ጆንያ ስጪኝ አለኝ። ግንቡ ሥር መሬት ላይ አነጠፈውና ጋዜጣ ደረደረበት። መጥተው ጆንያውን ወሰዱ። ሌላ ሰጠሁት። ያንንም ወሰዱ። እኔ ጆንያ ነጋዴ ነኝ፤ እስኪ ማን ቀድሞ እንደሚደክም እናያለን አልኩ። እነሱ ደከሙ። አንድ ቀን አቶ ይስሐቅ ሲያልፍ በሰው ፊት ኪራይ ሰብሳቢ አለው፤ በዚያን ጊዜ ዋናው ስድብ እሱ ነበር። ጋሽ ሀብተ ወልድ ቀና ብሎ «አዎ፣ ጋዜጣ አከራያለሁ፤ ቁጭ ይበሉና ያንብቡ» አለው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ጋዜጦቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ፣ ሱንዱስም ሥራ ስትፈታ፣ የሚያከራየው አዲስ ነገር አልነበረውም። አሮጌዎቹን አከራየ። ሰው ከፍሎ አነበበ። የበሩን ጀርባ ወሬ የያዘው የሱንዱስ ጽሑፍ፣ እሷ ያስቀረችው ቅጂ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ እጥፋቱ ላይ ተቀደደ፤ እሱ በፕላስተር ለጠፈው።

የሞተው ከሚሊኒየሙ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ክረምት ላይ ነው። ሚስቱ ወለተ ማርያም በማለዳ ሰው ላከችብኝ። ሐጂ ጠሀ ያኔ እርጅና ተጭኗቸው ነበር፤ ቢሆንም በልጃቸው ተደግፈው ለጥሩምባ ፈቃድ ቀበሌ ሄዱ። የሚፈርመው ሰው ሥልጠና ላይ ነው፣ ነገ ተመለሱ አሏቸው። ሐጂ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። እሱን በወሬ ብቻ ልንቀብረው ነው አሉኝ።

አይሆንም አልኩ። መጀመሪያ ቤቱ ገባሁ። ወለተ ማርያምን አቅፌ አለቀስኩ፤ ከዚያ ነጠላውን ገልጬ ፊቱን አየሁ። እንደዚያ ነውና የሚደረገው። ቀጥሎ ክፍሉን ከፍቼ ጥሩምባውን ከሚስማሩ አወረድኩ።

ሴት ጥሩምባ ነፍታ አታውቅም፤ ያውም ሙስሊም ሴት፣ ያውም የልጅ ልጅ ያየች። የመጀመሪያውን ስነፋ እንደ ታነቀ ጥጃ ጮኸ፤ ኩሊዎቹ ሳቁ። ሁለተኛው ግን ወጣ። በሱ መታጠፊያ ቆሜ፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጋሽ ሀብተ ወልድ አርፏል። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቀብሩ ዛሬ ነው፣ በሰባት ሰዓት ከቤቱ ይነሣል። ማስተባበያ የለውም» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። አንድ ወጣት ደንብ አስከባሪ ሮጦ መጥቶ ክንዴን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ ማን ፈቀደልሽ እናቴ አለኝ። አልፌው ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ሄድኩና ነፋሁ። ከኋላዬ የሱቅ መዝጊያዎች ተራ በተራ ሲወርዱ ይሰማኛል።